«ሜክ አፕ» ማለት ምን ማለት ነው?

በየመንፈቁ መጨረሻ በዩኒቨርስቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ «ሜካፕ ፈተና» የሚናገር ወረቀት ይለጠፋል። ከግቢው ወጣ ብሎ በሚገኘው ሱቅ መስተዋት ላይ ደግሞ «ልዩ ልዩ ሜካፕ አለን» የሚል ይነበባል። የፊተኛው ታሞ ወይም ሐዘን ደርሶበት ከፈተና ለቀረ ተማሪ የሚሰጥ ነው፤ የኋለኛው የከንፈር ቀለምና የፊት ዱቄት ነው። አንድ ቃል ፈተናንና የከንፈር ቀለምን እንዴት በአንድ ጉያ ሊያቅፍ ቻለ ብሎ የጠየቀ ጓደኛ ግን ብዙ አላጋጠመንም። እኛ ጥያቄውን አንሥተን ጥቂት መጻሕፍት ብናገላብጥ ያገኘነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን። ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ የምንማር ሁሉ ማርካችን የተንጠለጠለው በእንዲህ ባሉ ቃላት ላይ ነው።

ከታች ክፍል ጀምሮ የተማርነው «ሜክ» መሥራት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱን አጋጥሞ «ወደ ላይ መሥራት» ብሎ የተረጐመ ሰው ፎቅ ይሠራ እንደ ሆነ እንጂ እንግሊዝኛ አያነብም። የኤኮኖሚክስ መጽሐፉን ሲገልጥ «ቡና ከውጭ ንግዱ ይህን ያህል እጅ ሜክስ አፕ» የሚል ያገኛል፤ ይህን ያህሉን እጅ ይይዛል ማለት ነው። የታሪክ መጽሐፉን ሲገልጥ «ሁለቱ መሳፍንት ሜድ አፕ» ይላል፤ ታረቁ ማለት ነው። ወደ ሕግ መጽሐፍ ቢሻገር «ምስክሩ ቃሉን ሜድ አፕ» የሚል ይጠብቀዋል፤ ይህ ደግሞ ምስክሩ ያልነበረውን ፈጥሮ ተናገረ፣ ዋሸ ማለት ነው። እንግዲህ ሦስተኛውን በሁለተኛው ትርጉም የፈታ ተማሪ ሐሰተኛውን ምስክር አስታራቂ ሽማግሌ አድርጎት ወጣ ማለት ነው። የአንድ ሌሊት ጥናት በባለ ሁለት ፊደል ቃል ገደል ይገባል።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ግሥ «ፍሬዛል ቨርብ» ይሉታል። ስሙ ራሱ ያን ያህል የቆየ አይደለም፤ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ እርሱም ስሙን የነገረው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ የነበረው ሔንሪ ብራድሊ መሆኑን ገልጿል። እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል፣ ጅራታም ኮከብ እንደሚባለው ሁሉ «ጅራታም ግሥ» ብንለው የሚያስቀይም አይመስለንም። ራሱ ግሡ ነው፤ ጅራቱ እንደ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ» ያለችው ትንሽ ቃል ናት። የቅኔ ቤት ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ቃላት አገባብ ብለው፣ ዐቢይ፣ ንኡስ፣ ደቂቅ እያሉ ከፍለው ያስተምራሉ፤ ቃሏ ትንሽ ናት ተብሎ እንዳትናቅ ነው። በእንግሊዝኛም ነገሩን ሁሉ የምታዞረው ይህችው ጅራት ናት።

የሚያጽናናን ነገር ቢኖር ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1755 ያወጣው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በመቅድሙ ላይ የባዕድ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ከሚገጥመው ችግር ሁሉ ትልቁ ከግሥ በኋላ ከምትለጠፈው ትንሽ ቃል የሚመጣው መሆኑን ገልጾ፣ እነዚህን ግሦች ተጠንቅቆ እንደ መዘገባቸው ጽፏል። ሊቁ ያመነውን እኛ ብናምን ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ጅራቷ እንመለስ። «አፕ» መጀመሪያ ወደ ላይ ማለት ነው ብለናል። «ጎ አፕ» ሲል ውጣ፣ «ጌት አፕ» ሲል ተነሣ ነው፤ በዚህ የሚደናገር የለም። ነገር ግን እንግሊዛዊው «ድሪንክ አፕ» ሲል መጠጡ ወደ ላይ አይወጣም፤ ያለ ጥርጥር ወደ ታች ይወርዳል። ታዲያ «አፕ» ምን ትሠራለች? እኛ እንደሚመስለን መልሱ በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጧል። «ድሪንክ አፕ» ማለት ጭልጥ አድርጎ መጠጣት ነው። «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ መሙላት ነው። «ታይ አፕ» ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ «ሻት አፕ» ጥርቅም አድርጎ መዝጋት፣ «ኢት አፕ» ሙልጭ አድርጎ መብላት፣ «ጊቭ አፕ» እርግፍ አድርጎ መተው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ጭልጥ፣ ጢም፣ ጥፍር፣ ጥርቅም፣ ሙልጭ፣ እርግፍ የሚሉት ቃላት ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ድርጊቱ እስከ ጫፉ መድረሱን፣ ምንም አለመቅረቱን ነው። የእንግሊዝኛዋም «አፕ» የምትለው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንዲቱን ጅራት ሲያውል፣ አማርኛ ለየግሡ የሚስማማውን ቃል መርጦ ከፊቱ ያስቀድማል፤ «ጢም አድርጎ ጠጣ» ወይም «ጥፍር አድርጎ በላ» የሚል አማርኛ የለምና። እኛን ቢጠይቁን የአማርኛው ይበልጥ ያምራል፤ ለመማር የሚቀለው የትኛው እንደ ሆነ ግን አማርኛ የሚማሩትን ፈረንጆች መጠየቅ ነው።

ወደ ላይ ማለት እንዴት እስከ ጫፍ ማለት ሆነ ቢባል፣ በእንስራ ውኃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል። ውኃው እየተጨመረ ሲሄድ ወደ ላይ ይወጣል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ሞላ ይባላል። እህልም በቁና ሲሰፈር እንዲሁ ነው። መውጣትና መሙላት በዐይን ሲያዩዋቸው አንድ ናቸውና ቃሉም ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። የሒሳብ ድምርን «ሰም» የሚሉት እንኳ ከፍተኛ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ እንናገር። በጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ተጨማሪ ፍች የሚገለጠው በአብዛኛው ከግሡ ፊት በሚቀጠል ምዕላድ ነበር፤ ለምሳሌ መተው «ኦፍጊቫን» ይባል ነበር። በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ትንሿን ቃል ከግሡ በኋላ ያስከትል ስለ ነበር፣ የእንግሊዝኛው ልማድ በዚህ ተጠናክሯል የሚሉ ምሁራን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፊት ምዕላዶቹ እየደከሙ፣ ጅራቶቹ እየበረቱ ሄዱ። «አፕ» ከጥንት ትርጉሟ ወጥታ ከሚታይባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ በፒተርበሮ ገዳም መነኮሳት የጻፉት ዜና መዋዕል ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1132 የሆነውን ሲተርክ፣ ንጉሡ ሔንሪ የተባለውን አበምኔት ሹመቱን «ጊቭ አፕ» እንዲያደርግና ከአገር እንዲወጣ እንዳስገደደው ይናገራል። አበምኔቱ ገዳሙን በተንኮል ለውጭ ገዳም ሊያስገዛው ይሞክር ነበርና መነኮሳቱ ያዘኑለት አይመስልም። እንግዲህ ተማሪው ሁሉ «ጊቭ አፕ አደረግሁ» እያለ በየካፍቴሪያው የሚቀልድበት ቃል የተሻረ አበምኔት ታሪክ አለበት።

«ሜክ» ከጥንታዊው «ማኪያን» የመጣ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ የሩቅ ሥሩን ሲፈልጉ ከማቡካትና ከመግጠም ጋራ ያዛምዱታል። ሊጥ የሚያቦካ ሰው የተበታተነውን ዱቄት አንድ ያደርጋል፤ «አፕ» ሲጨመርበት ደግሞ አንድ የማድረጉ ሥራ ተፈጸመ፣ ምንም ሳይጐድል ሞላ ማለት ይሆናል። ስለዚህ የ«ሜክ አፕ» እናት ትርጉም ማሟላት ነው እንላለን። ይህን ለማስረዳት ሼክስፒር ይበቃል። «ሪቻርድ ሣልሳዊ» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ ላይ በተጻፈው ተውኔት፣ ጀርባው የጐበጠው መስፍን ተሠርቶ ሳያልቅ ያለ ጊዜው ወደ ዓለም መላኩን እያማረረ ይገባል፤ ተሠርቶ ለማለቅ የተናገረውም ቃል «ሜክ አፕ» ነው። ያ ሰው ስለ ፊት ዱቄት እየተናገረ አልነበረም።

የቀሩት ትርጉሞች የዚህች እናት ልጆች ናቸው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ እንደሚያወርዱት እኛም እንሞክረው።

ሜክ አፕ የጐደለውን መሙላት ነው። ዕቁብ ሊጣል ሲል አሥር ብር ቢጐድልና አንዱ ከኪሱ ቢጨምር አሥሩን ብር «ሜክ አፕ» አደረገ ይባላል። ያለፈህን ትምህርት፣ ያባከንከውን ጊዜ፣ ያመለጠህን ፈተና መተካትም ይኸው ነው። የ«ሜካፕ ፈተና» ምሥጢር ይኸውና፤ አሜሪካኖች በትምህርት ቤታቸው የሚያዘወትሩት አነጋገር ነው። ከዚሁ ጋራ ክፍሎች ተሰባስበው ሙሉውን ነገር ሲሞሉት «ሜክ አፕ» ይላል፤ የኤኮኖሚክሱ መጽሐፍ ቡናውን ያስገባው በዚህ በር ነው።

አንድም መታረቅ ነው። ጠብ በሁለት ሰዎች መካከል የተከፈተ ጐዶሎ ነውና እርሱን መሙላት እርቅ ሆነ። በሼክስፒር ዘመን ጠብን ስለ ማብረድ ሲነገር «ቴክ አፕ» ይባልም ነበር፤ «አዝ ዩ ላይክ ኢት» በተባለው ተውኔት ውስጥ ቀልደኛው ሰው ሰባት ዳኞች ስላልቻሉት ጠብ ሲያወራ የሚናገረው በዚህ ቃል ነው። እንግሊዞች ካሣንና እርቅን በአንድ ግሥ መጥራታቸው ለሌላው ሕዝብ እንግዳ ቢሆን፣ ለእኛ ግን እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ሽማግሌ በተቀመጠበት ዛፍ ሥር ካሣው ተቈርጦ ሳይከፈል እርቁ አይወርድም፤ ጐዶሎው ይሞላና ሰዎቹ ይሳሳማሉ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ጉባኤ ናቸው።

አንድም ፈጥሮ መናገር ነው። ታሪኩን ከየትም ሰብስቦ ገጣጥሞ ሙሉ ያስመሰለ ሰው «ሜክ አፕ» አደረገ ይባላል። ይህ ሁልጊዜ ነቀፋ አይደለም፤ ለልጅ ማታ ማታ ተረት የሚፈጥር አባትም «ሜክ አፕ» ያደርጋል። አማርኛችን እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ብሎ ከልብ መወለዱን ሲናገር፣ እንግሊዝኛው መገጣጠሙን ያያል። በምስክር አፍ ሲሆን ግን ውሸት ነው።

እዚህ ላይ የአንድ የምናውቀውን ተማሪ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ልጁ በወባ ታሞ ከመንፈቅ ፈተና ቀረ። ሲድን የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህሩ ቢሮ ገባ፤ መምህሩ የውጭ አገር ሰው ናቸው። «የቀረህበት ምክንያት ምንድን ነው?» ቢሉት፣ ልጁ በልቡ «ምክንያቴን በማስረጃ አሟልቻለሁ» የሚለውን አሰበና፣ ማሟላት «ሜክ አፕ» መሆኑን ከመዝገበ ቃላት አግኝቶ ስለ ነበር፣ በእንግሊዝኛ «ምክንያቴን ሜድ አፕ» አለ። መምህሩ የሰሙት «ምክንያቴን ፈጥሬ መጣሁ» የሚለውን ነው። ወረቀቱን ሳይመለከቱ አሰናበቱት። ልጁ በምን እንዳጠፋ እንኳ ሳያውቅ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ሰነበተ፤ ከፍ ያለ ክፍል ያለ አንድ ተማሪ ሄዶ ነገሩን ባያስረዳለት ኖሮ ዓመቱ ይበላሽበት ነበር። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም፤ ቃሉን ሰጠው እንጂ ቃሉ ከምን ጋራ ሲውል ምን እንደሚሆን አልነገረውም። ከጊዜ፣ ከትምህርትና ከገንዘብ ጋራ ሲውል ማካካስ ነው፤ ከምክንያት፣ ከወሬና ከታሪክ ጋራ ሲውል መፍጠር ነው። ይህን ለይቶ መያዝ መቶ ቃል በቃሉ ከማጥናት ይበልጣል።

አንድም ልብን ማሟላት ነው፤ «ሜክ አፕ ዮር ማይንድ» ይላሉ፣ ወስን ለማለት። በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ተቃራኒ መንገድ ይዘዋል። እንግሊዛዊው ልቡ በየአቅጣጫው ተበትኖበት ሰብስቦ ይሞላዋል፤ አማራው ልቡን ይቈርጣል፤ ቈርጦ ይነሣል፤ ቍርጡን ተናገር ይላል። ግን እንግሊዝኛም ቢሆን መቊረጥን አላጣውም፤ «ዲሳይድ» የሚለው ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ቈርጦ መጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ልቡን ሲሰበስብ፣ ሊቃውንቱ ከሮማውያን ተበድረው ይቈርጣሉ።

የፊት ቀለሙ ነገር ከቴያትር ቤት የወጣ ነው። ተዋናይ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት በልብስ፣ በሰው ሠራሽ ጠጕርና በቀለም ራሱን አሟልቶ ንጉሥ ወይም ለማኝ ይሆናል። ይህ ዝግጅት በ19ኛው ምዕተ ዓመት «ሜካፕ» ሲባል ቈይቶ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከሆሊዉድ ሲኒማ ጋራ ወደ መንገድ ወጣ፤ የፊልም ተዋንያንን ፊት ያሰማምር የነበረው ማክስ ፋክተር ቀለሙን ለማንኛዋም ሴት ሲሸጥ ቃሉም አብሮ ተሸጠ። እኛም መኳል የሚል ግሥ እያለን ቃሉን ከነዕቃው ተቀበልነው። ያልተቀባ ፊት ጐዶሎ ነው ማለት ነው ወይ? ለእኅቶቻችን ክርክር እንተወዋለን።

መድኃኒት ቀማሚ መድኃኒቱን፣ አሽከር አልጋውን፣ ማተሚያ ቤት ገጹን «ሜክ አፕ» ያደርጋል፤ የዚህችም መጽሔት አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ ከማስታወቂያና ከግጥም መካከል ሲሰነቅሩት የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ ከመድከም «ሜክ አፕ»ን ትቶ በሌላ ቃል መጻፍ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ብዙዎቻችን የምናደርገውም ይህንን ነው፤ ለማስታረቅ «ሬኮንሳይል»፣ ለመፈብረክ «ፋብሪኬት»፣ ለማካካስ «ኮምፐንሴት» እያልን እናልፋለን። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር የተባሉ ሁለት ምሁራን በእስራኤል አገር በዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ተማሪዎቹ ጅራታም ግሥ በሚገባበት ቦታ ነጠላውን ግሥ እየመረጡ እንደሚሸሹ አሳይተዋል፤ የአማርኛ ዘመድ የሆነው ዕብራይስጥም እንዲህ ያለ ግሥ የለውምና ነው። ሽሽቱ ፈተና ለማለፍ ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን እነዚያ ከባድ ቃላት ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ፣ የቤተ መንግሥትና የትምህርት ቤት ቃላት ናቸው፤ ጅራታሞቹ የጓዳና የገበያ ናቸው። ሁልጊዜ በከባዱ የሚናገር ሰው፣ እናቱን ውኃ ለመጠየቅ ግዕዝ የሚጠቅስ ደብተራ ይመስላል። ከዚህም ሌላ፣ በአፍ ላለመናገር ብንሸሽም በጆሮ ከመስማትና በዐይን ከማንበብ አንሸሽም፤ መጽሐፉና መምህሩ ይጠቀሙበታልና።

የቀረን የአገባቡ ነገር ነው። ስም ሲሆን ድምፅ የሚጠነክረው «ሜክ» ላይ ነው፤ ግሥ ሲሆን ግን ጅራቷም ድምፅ ይሰጣታል፤ በተለይ ከአፍ ሲሰሙ ይህ ልዩነት ይረዳል። ተሳቢው ሙሉ ስም ከሆነ ከጅራቷ በፊትም ሆነ በኋላ መግባት ይችላል፤ «ሜክ አፕ ኤ ስቶሪ» ማለትም «ሜክ ኤ ስቶሪ አፕ» ማለትም ይሆናል። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ ከመካከል ይገባል፤ «ሜክ ኢት አፕ» እንጂ «ሜክ አፕ ኢት» የሚል እንግሊዛዊ የለም። ከሰው ጋራ ለመታረቅ ከጅራቷ በኋላ «ዊዝ» ትጨመራለች፤ የጐደለን ለማካካስ «ፎር»። «ቱ» ስትጨመር ደግሞ ማሽቈጥቈጥ ይሆናል፤ አለቃው ፊት የሚሽቈጠቈጥ ሰው «ሜክስ አፕ ቱ» አለቃው ነው። በመካከሉ «ኢት» ስትገባ ግን ነገሩ ተገልብጦ የበደሉትን መካስ ይሆናል።

«ዊዝ»ን የሚዘነጋ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ከጓደኛው ጋራ መታረቁን ለማብሠር «ሜድ ሂም አፕ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ወይ ጓደኛዬን ከልቤ ፈጠርሁት፣ ወይ የከንፈር ቀለም ቀባሁት ብሎ ፈርሞ ሰጥቷል።